ፖስታ፣ ዲፖ፣ ኮምፖስት

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ጎረቤቴ ለጎመን መደባቸው የቆፈሩትን የኮምፖስት ጉድጓድ ሲያገላብጡ ቆሜ ስመለከት ቃሉ ራሱ ያዘኝ። ኮምፖስት የመጣው ከላቲኑ «ኮምፖሲቱም»፣ ማለትም «አብሮ የተቀመጠ» ከሚለው ነው፤ ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ አመድና እበት ከተደራረቡበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ሌላ ፍቺ አያስፈልገውም።

የዚህ የላቲን ቃል ግሱ «ፖኖ»፣ «አስቀምጣለሁ» ነው፤ ቅጽሉ ደግሞ ለወንድ ፖሲቱስ፣ ለሴት ፖሲታ፣ ለግዑዝ ፖሲቱም ይሆናል። በግሱ የሌለው «ስ» በቅጽሉ ብቅ ማለቱ እንግዳ ቢመስልም፣ ጥንት ግሱ «መተው» ከሚለው «ሲኖ» ጋር የተጣመረ «ፖሲኖ» ስለነበር፣ በአሁን ጊዜው የተዋጠው ድምፅ በቅጽሉ ተርፎ ነው። የጥንቱ ሮማዊ ባለቅኔ ቪርጂል እንኳ «ረፖሲቱም»፣ «ተከማችቶ የተቀመጠ» ማለት ሲገባው አሳጥሮ «ረፖስቱም» ብሏል።

በዚሁ ባጠረው መንገድ የጣልያንኛው ፖስታ ተወለደ። መጀመሪያ በየመንገዱ ተለዋጭ ፈረሶች የሚቀመጡበት ጣቢያ ነበር፤ ስሙ ከጣቢያው ወደ መልእክቱ ተሻገረ። እኛም፣ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተውን አገልግሎትም፣ ደብዳቤው የሚታሸግበትንም ወረቀት ፖስታ አልን፤ አልፈንም ፖስተኛ የሚል የራሳችንን ቃል አበጀን። (ፓስታ ዘመዱ አይደለም፤ እሱ ምንጩ ግሪክኛ ነው።)

ዲፖ ግን ከሁሉም ይበልጥ የተጎዳው ነው። የላቲኑ «ዴፖሲቱም»፣ «እንዲቆይ የተቀመጠ»፣ ፈረንሳይኛ ውስጥ ሲገባ «ስ»ው ወድቆ በፊደሉ ላይ ባርኔጣ የመሰለ ምልክት ብቻ ቀረለት፣ የመጨረሻው «ት»ም ቢጻፍ የማይነበብ ሆነ፤ የአንበሳ አውቶቡሶች በሚያድሩበት በሸጎሌም ሆነ በየካ ዲፖ ባርኔጣውም የለም። ፕሮፖዛል ቤተሰቡ ቢመስልም በአባቱ በኩል ጥርጥር አለበት፤ የተገኘበት የፈረንሳይኛ ግስ የወጣው «ማረፍ» ከሚለው «ፓውሳሬ» ሆኖ በኋላ ከፖኖ ልጆች ጋር ተቀላቅሏል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የግእዙ «ሤመ» ነው። እርሱም ማስቀመጥ ነው፤ ቅጽሉ ሥዩም፣ ለሴት ሥይምት፣ የተቀመጠ፣ የተሾመ። ላቲኑ በፖኖ ላይ «ስ»ን እንደዋጠ ሁሉ፣ አማርኛም የሥዩምን «ይ» ውጦ «ሥ»ን ወደ «ሽ» ለወጠና ሹም አለው።