«አረንጓዴ ነገር አለ እኮ»

ጋሼን አውሮፕላን ላይ ሳወጣቸው አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ምንም እንዳይነኩ። ምንም አልነኩም። የነካሁት እኔ ነኝ።

አውሮፕላኑ የ1969 ፓይፐር አሮው ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ዕቁብ ሲደርሰኝ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተጋርተን ገዛነው። ባለ አንድ ሞተር ቢሆንም እንደ ትልልቆቹ ጎማውን አጥፎ ይከታል፤ ልባችንን የወሰደውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ያየነው ሙኒ የሚባል ሌላ አውሮፕላን ነበር። የድሮዎቹ ሙኒዎች ጎማ የሚታጠፈው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለ የብረት ዘንግ፣ በክንድ ጉልበት ነው፤ ፓምፕ የለ፣ ሞተር የለ፣ ምኑ ይበላሻል! ግን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ትከሻችን ተጣበቀ። ሁለተኛው ቀለሙ ያብለጨልጭ ነበር፤ መካኒኩ መዝገቡን ገልጦ አራት ዓመት ሙሉ ቆሞ መክረሙን ሲያይ ግን «እንሂድ» አለን። ለካ ቆሞ የከረመ ሞተር ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው የውስጥ ዘንግ) ይዝጋል። አሮውን የመረጥነው ጎማውን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ፓምፕ ቢሞት እንኳ አንዲት ማንሻ ስላለችው ነው፤ እሷን ስትጫናት የዘይቱ ግፊት ይለቅና ጎማው በራሱ ክብደት ይወርዳል።

ባለፈው ወር ዓመታዊ ፍተሻው (ቦሎው በሉት) ላይ በክሪክ ተሰቅሎ ጎማው ሲወጣና ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ፓምፑ ደህና፣ ቱቦው ደህና። ሒሳቡን ሲነግሩኝ ደህና ያልነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሼ ድሮ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የነዱ ሰው ናቸው። የአሮው በር አንድ ነው፣ በቀኝ በኩል፤ ስለዚህ ፊት እኔ ገባሁ፣ እሳቸው ተከትለው ገብተው ዘጉብኝ። «እንግዲህ መውጫህ በእኔ በኩል ነው» አሉ ደስ ብሏቸው።

እኩለ ቀን፣ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ለማረፍ ጎማውን አወረድኩ። ፓምፑ እዝዝ ብሎ ቆመ። ጎማዎቹ ወርደው መቆለፋቸውን የሚነግሩት ሦስት አረንጓዴ አምፖሎች መብራት ነበረባቸው። አንድም የለ።

አሁን ሳስበው አውሮፕላኑ በሙሉ «ወርዷል!» እያለኝ ነበር። ፍጥነታችን ቀነሰ፤ ነፋስ ነው አልኩ። ጎማ ሳይወርድ ጋዝ ሲቀነስ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ጭጭ አለ፤ እሱም ተቃጥሏል አልኩ። ማንሻዋን ተጫንኳት፤ ምንም ድምፅ የለም። የወረደ ጎማ ወዴት ይውረድ? ለታወር (ለበረራ መቆጣጠሪያ ማማው) ነግሬ ዝቅ ብዬ በፊታቸው አለፍኩ። «ሦስቱም የወረዱ ይመስላሉ» አለች ልጅቷ። እኔ «ይመስላሉ» የምትለዋ ላይ ቀረሁ።

አምፖሎቹ ተነቅለው ይቀያየራሉ። አንዷን ነቅዬ ልቀይር ስል ከእጄ አምልጣ በጋሼ በኩል ወለሉ ላይ ጠፋች።

ጋሼ አንገታቸውን አስግገው፣ ነፋስ ላይ ክብሪት እንደሚለኩስ ሰው መዳፋቸውን አጥፈው መብራቶቹን ጋረዱ። «አረንጓዴ ነገር አለ እኮ። ሁለት።»

«ጋሼ፣ እባክዎ አሁን አያናግሩኝ!»

ዝም አሉ። ዳዊታቸውን ሊያወጡ ጎንበስ አሉ።

ስናርፍ ሁለት የእሳት አደጋ መኪና አጅቦን ነበር። ጎማው አስፋልቱን ነካ፣ ጭር አለ፣ ተንከባለለ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ለስልሼ አርፌ አላውቅም። በሩ በእሳቸው በኩል ነውና ጋሼ ቀድመው ወረዱ። ብርድ ልብስ ደረቡላቸው፣ ውሃ ሰጧቸው። እኔ ገና ከቀበቶዬ ጋር እየታገልኩ ነው።

መካኒኩ ክንፉ ላይ ወጥቶ አንገቱን አስገባ። መፍቻ እንኳ አልያዘም። አንዲት ትንሽ ማዞሪያ በጣቱ ሲያዞር ሁለት አረንጓዴ ቦግ አሉ። ለካ አሮው የዳሽቦርዱ መብራት ሲበራ፣ ማታ ዓይን እንዳይወጋ ብሎ አረንጓዴዎቹን በራሱ ያደበዝዛቸዋል፤ ቀን ፀሐይ ላይ ደግሞ አይታዩም። ከዋዜማው አመሻሽ ላይ በርሬ ሳላጠፋው የወረድኩት እኔው ነኝ። መመሪያ መጽሐፉም «አረንጓዴ ካላየህ ይህችንም እይ» ይላል። መጽሐፉ ከወንበሬ ጀርባ ኪስ ውስጥ ነበር።

መካኒኩ ባዶዋን ቀዳዳ እያየ «ሦስተኛዋስ?» አለ።

ጋሼ ብርድ ልብሳቸውን እንደደረቡ ከክንፉ ሥር መዳፋቸውን ዘረጉ። አምፖሏ።

«ዳዊቴን ሳወጣ እግሬ ሥር አገኘኋት» አሉ። «አያናግሩኝ አልከኝ እኮ።»