ኅሩይን ፍለጋ፣ ባዝ ላይ

ባዝ ስደርስ ይዘንብ ነበር። ከለንደን ፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አልፈጀብኝም። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ግን እስክበሰብስ ቆምኩ። ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ሮማውያን መታጠቢያ ሲጎርፍ እኔ የብላቴን ጌታ ኅሩይን ዱካ ፍለጋ ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስደት ወደኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ አቀናሁ።

ቤቱ በጣሊያን ስልት የተሠራ ነው። ሳቄ መጣ። ከሙሶሊኒ ሸሽቶ እዚህ!

ጃንሆይ ኋላ ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን ሰጥተውታል። ደጃፉ ላይ ያገኘኋቸው አንዲት እናት የንጉሡ አገር ሰው መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ጃንሆይን በስደት ስላገለገሉት ጸሐፊዎችና ሹማምንት ስጠይቃቸው ግን «ጸሐፊም ነበራቸው?» አሉኝ።

ነበሯቸው እንጂ! ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉትን ንግግር በማርቀቅ ሎሬንዞ ታዕዛዝ ትልቅ እጅ ነበረው። የአከለ ጉዛይ ልጅ ነው። በወረራው መሀል ጎጃም ድረስ ተደብቆ ገብቶ ከአርበኞች ጋር መክሯል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ ለንደን ላይ ለአገራቸው ደጅ ይጠኑ ነበር። ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ ጣሊያን ገደለባቸው።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ያበግናል። አንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ የኢትዮጵያ ዕዳ ነበረበት። ጃንሆይ ኩባንያውን ከሰው ረቱ። ይግባኙ ሳይቋጭ የእንግሊዝ መንግሥት ኢትዮጵያ የጣሊያን ናት ብሎ ዕውቅና ሰጠ። ፍርዱ ተገለበጠ። በቃ።

ይህን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አላዩም። በመስከረም 1931 ዓ.ም. እዚሁ ባዝ ዐረፉ። እኛ በደራሲነታቸው ነው የምናውቃቸው። ለእኔ ግን ያን ቀን ትዝ ያሉኝ የስደተኛ መንግሥት ሚኒስትር ሆነው ነው፤ ቢሮ የለ፣ በጀት የለ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የሚሰማ የለ።

ስመለስ ተቀብረውበት ወደነበረው የሎክስብሩክ መካነ መቃብር ጎራ አልኩ። ከነጻነት በኋላ አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት ተወስዷል። አውቃለሁ። ቢሆንም እርጥቡን ሣር እየረገጥኩ የድንጋዮቹን ስም አንድ በአንድ አነበብኩ። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ማንን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። «ኅሩይ» አልኩት። ሊለው ሞከረ፤ «ኅ»ዋ አልወጣ አለችው። ሦስቴ አስደገመኝ፣ ከዚያ ወደ ማጨዱ ተመለሰ።