የጭስ ቧንቧ ልቀይር ገብቼ ግድግዳው ላይ ደረስኩ

ሚኒሶታ የገዛነው አሮጌ ቤት ሳሎኑ ውስጥ የእንጨት ምድጃ አለው። ባለፈው ዊንተር ስናነድ ከቧንቧው መጋጠሚያ ሬንጅ የመሰለ ነገር ቁልቁል ሲወርድ አየሁ። ሲደርቅ ቧንቧው ላይ እንደ ሻማ እንባ ቀረ። ሽታውም ከመጋረጃው አልለቅ አለ። ቧንቧው አርጅቷል ብዬ ልቀይረው ተነሳሁ።

ስፈታው ነገሩ እርጅና ብቻ አልነበረም። የእያንዳንዱ ቧንቧ አንዱ ጫፍ ተሸብሽቦ ጠበብ ይላል። ይሄ ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ምድጃው ነው መዞር ያለበት። የኛ ተገልብጦ ተገጥሟል። ጭሱ ሲቀዘቅዝ ክሪዮሶት የሚባል ዝልግልግ ነገር ይሆናል። ቧንቧው በትክክል ከተገጠመ ወርዶ ምድጃው ውስጥ ይቃጠላል። ከተገለበጠ ግን በመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይፈሳል። ውስጡን በባትሪ ሳየው ጥቀርሻው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ያ ጥቀርሻ ራሱ እሳት ይይዛል። የጭስ ማውጫ ቃጠሎ የሚነሳውም ከሱ ነው።

አዲሱን ከመግዛቴ በፊት ሜትር አወጣሁ። ከምድጃው ጀርባ እስከ ግድግዳው 14 ኢንች፣ ከቧንቧው 16 ኢንች። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት የእሳት ደኅንነት ደንብ ኤንኤፍፒኤ 211 ደግሞ እንደኛው በላብራቶሪ መፈተሹን የሚያሳይ ሰሌዳ ለሌለው ምድጃ ከግድግዳው 36 ኢንች ርቀት ይጠይቃል። ለነጠላ ቆርቆሮ ቧንቧ 18። ደነገጥኩ። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው።

ግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ «ጂፕሰም እኮ አይቃጠልም» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ግን ጂፕሰሙ ፊቱ ወረቀት ነው፣ ከኋላው ደግሞ የእንጨት ቋሚ አለ። እንጨት ለዓመታት ሲግል ከኖረ ቀድሞ ከሚነድበት ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። እስከ ዛሬ አልተቃጠለም ማለት ዘንድሮ አይቃጠልም ማለት አይደለም።

ከከተማው ፈቃድ አወጣሁና ሥራ ጀመርኩ። ለግድግዳው ባለ 24 ጌጅ (ጌጅ የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ ነው) ቆርቆሮ አቆምኩ። ዋናው ቁም ነገር ቆርቆሮው ሳይሆን ከኋላው ያለው የ1 ኢንች ክፍተት ነው። ከታችም ከላይም ክፍት ስለሆነ አየር ገብቶ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ዋጋ አልነበረውም። በዚህ 36ቱ ኢንች ወደ 12 ይወርዳል፣ ስለዚህ የኛ 14 በቂ ሆነ። ቧንቧውን በድርብ ቧንቧ፣ ማለትም አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ውስጥ ባለ፣ ቀየርኩት። ለገዛሁት ከግድግዳው 6 ኢንች ርቀት ይበቃዋል። ሁሉንም ክፍል ከአንድ አምራች ግዙ፣ የተለያየ አምራች ዕቃ አይገጣጠምም። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቆርቆሮ ደግሞ ለቧንቧው አይሆንም፣ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል።

የከተማው ተቆጣጣሪ የግድግዳውንና የቧንቧውን ሥራ አይቶ ካጸደቀልን በኋላ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አነደድነው። የአዲሱ ቧንቧ ቀለም ሲበስል ስለሚሸት መስኮቱን ከፈትን። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውንም ፈተሽኩ። በከሰል ጭስ ሰው ሲሞት እየሰማን ላደግን ሰዎች ይሄ የሚዘለል ነገር አይደለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ እጄን ከቆርቆሮው ጀርባ ሰድጄ ግድግዳውን ነካሁት። ድሮ እጅ አያስቀምጥም ነበር። አሁን ለብ ብሎ ነው ያገኘሁት።

የሚቀረኝ ወለሉ ነው። ከምድጃው በር ፊት ለፊት እሳት የማይበላው ንጣፍ 18 ኢንች መውጣት አለበት፣ የኛ 10 ላይ ይቆማል። ሴራሚኩን ገዝቻለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አነጥፈዋለሁ።