«ብድግ አለ» ሲባል ማን ምን አለ?

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ኃላፊዬ ስለ አንዲት ባልደረባችን «ካን ዩ ፊል ኢን ፎር ኸር ኦን ሰንደይ?» አለችኝ። እኔ የማውቀው «ፊል ኢን» ፎርም መሙላት ነው። የእሑዱን ፎርም ሙይላት ያለችኝ መስሎኝ «የስ» አልኩ። ፎርሙን የሚሰጠኝ ሰው ስላልመጣ ነገሩን ተውኩት።

እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ለካ የተጠየቅኩት በእሷ ፈንታ እንድገባ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሠራችው ሴትዮ ተተኪ እስኪገኝ ድረስ ቆማ ቆየች። እሷን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

እንግሊዝኛ አልችልም ብዬ አላስብም ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ኢንቬስቲጌት» የሚሉትን አውቃለሁ። ሥራ ቦታ ግን የምሰማው «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ኢንቱ» ነው። ትርጉማቸው በቅደም ተከተል ያው ነው፦ ማስተላለፍ፣ መታገሥ፣ መመርመር። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የሕግ ቋንቋ ሆነ። ከፈረንሳይኛና ከላቲን የመጡት ቃላት መጽሐፉንና ቢሮውን ያዙ፤ የጥንቶቹ አጫጭር ግሶች ጓዳ ቀሩ። እኔ የተማርኩት የሳሎኑን ነው፤ የምሠራው ጓዳ ውስጥ።

በእኛ ሥራ ደግሞ ስህተቱ ቀላል አይደለም። «ፓስ አውት» ራሷን ሳተች ነው፤ «ፓስ አዌይ» ዐረፈች። በሁለቱ መካከል የአንድ ሰው ሕይወት አለ። «ሺ ስሩ አፕ» ሲሉኝ ምን ወረወረች ብዬ መሬት መሬቱን አይቻለሁ። አስመለሳት ማለታቸው ነበር።

ያን ቀን ከእኔ በፊት የገቡ አንዲት አበሻ እናት ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ‹ብድግ አለ› ስንል ማን ምን አለ? ‹አስመለሳት› ስንልስ ምን መለሰች? አትበጣጥሺው፣ አንድ ላይ ያዢው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ቃል ለየብቻ መተርጎም ተውኩ። «ጊቭ አፕ» ሲመጣ መስጠትን ትቼ «እጅ ሰጠ» የሚለውን የእኛን አባባል አጠገቡ ጻፍኩ። ወዲያው ያዘኝ።

ማስታወሻ የጀመርኩት በግስ ነበር። ጌት አፕ፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት ባይ፣ ጌት አዌይ እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ሁሉም ተደበላለቀብኝ። ስለዚህ በቦታ ከፋፈልኩት፦ መታጠቢያ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ የመድኃኒት ሰዓት። ቃሉን ብቻውን አልጽፍም፤ ማን ለማን እንዳለው፣ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እጽፋለሁ። የማስታገሻው ኃይል ሲያልቅ ነርሷ «ኢትስ ዌሪንግ ኦፍ» ካለች፣ አረፍተ ነገሯ የመድኃኒት ሰዓት ገጽ ላይ ይገባል።

እያደር ትንንሾቹ ቃላትም አንድ ነገር እንደሚናገሩ አየሁ። «ኢት አፕ»፣ «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ» ላይ ያለው «አፕ» ወደ ላይ ማለት አይደለም፤ የእኛ «ሙልጭ አድርጎ» ነው። ሁልጊዜ አይሠራም፣ «ስሮው አፕ» ላይ አይሠራም። ግን ብዙ አግዞኛል።

«ተርን ዳውን ኢት» እያልኩም ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። እኛ «ቀንሰው» ስንል «ው»ን ግሱ ላይ እንለጥፋለን። በዚህ ዓይነቱ ግስ እነሱም «ኢት»ን ከግሱ አጠገብ ያስቀምጣሉ፦ «ተርን ኢት ዳውን»። ሁሉም ግን አይከፈልም። ተንከባከባት ለማለት «ሉክ አፍተር ኸር» እንጂ «ሉክ ኸር አፍተር» አይባልም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ጆሮዬ ነው። ተጽፎ ባየው የማውቀው ሲነገር ይጠፋብኛል። ስለዚህ የሰማሁትን እንደሰማሁት በፊደላችን መጻፍ ጀመርኩ። ፊደላችን ድምፅን ስለሚይዝ ለዚህ ይመቻል። መታጠቢያ ቤት ገጽ ላይ «ቴኪቶፍ» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር። ከቀናት በኋላ አንዲት አሮጊት የሹራባቸውን እጅጌ እየሳቡ ደጋግመው ሲሉት፣ «ቴክ ኢት ኦፍ» መሆኑ ገባኝ። ሹራቡን አወለቅኩላቸው።