አልተቻረጀችም

ደብረ ብርሃን፣ ገበያው አጠገብ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሱቅ በር ላይ ቆሜያለሁ። በግ ሸጠው የመጡ አንድ አባት አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው «ልጄ፣ የኔዋ ደረሰች?» አሉ። ልጁ ገመዱን ነካ አድርጎ «ገና ነው አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ» አላቸው። ወደ ጓደኛቸው ዞሩ፦ «አልተቻረጀችም አለኝ፤ ሳትቻረጅ ደግሞ አልሄድም።»

ይቺ «አልተቻረጀችም» ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣች አለች። ሰውየው ባዕዱን ቃል ልክ እንደ «ባረከ» ነው የገሩት። ባረከ፣ ተባረከች፣ አልተባረከችም፤ ቻረጀ፣ ተቻረጀች፣ አልተቻረጀችም። ከፊት «አል»፣ ቀጥሎ «ተ»፣ ከኋላ «ም»፣ ሁሉም በየቦታው! ለኔ አንድ ቃል አማርኛ ሆነ የሚባለው እንዲህ ሲረባ ነው።

ከላይ የሚወርድም ቃል አለ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ወዛደር» (በጉልበቱ ሠርቶ የሚያድር ሠራተኛ ማለት ነው) በሬዲዮ፣ በመፈክርና በቀበሌ ስብሰባ አገሩን አዳረሰ። አሠራሩ ሸጋ ነው፤ «ወዝ»ን ከ«አደር» ያጋባ፣ ለ«ወታደር» ወንድም የሚሆን። መፈክሩ ሲቆም ግን ከሰው አፍ ራቀ። «ባጃጅ»ን ማንም አላወጀውም። የሕንድ ኩባንያ ስም ነበር፤ ዛሬ የትም ይሠራ የት፣ ባለ ሦስት እግሩ ሁሉ ባጃጅ ነው።

እንዲህ ያለውን ሲሰሙ «አማርኛ ተበላሸ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ በፍጹም አልስማማም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ምሁራን መንዝና ደብረ ሲና ገበያ ወርደው፣ ደብተር ይዘው፣ ቁጭ ብለው ቢያዳምጡ እንዴት ደስ ባለኝ።