የክሮስቦው ፍላጻ ክንፍ አንድ ኢንች ወደፊት ቢጠጋ

በክሮስቦው (ቃታ ባለው ቀስት) ፍላጻ ኋላ ላይ ያለውን ክንፍ ነቅሎ ወደፊት መለጠፍ የፍላጻውን ሚዛን ያስተካክላል ሲባል ይሰማል። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። 20 ኢንች ርዝመት (51 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ያለው፣ ከነራሱ (ከፊት ከሚገጠመው 100 ግሬይን ጫፍ ጋር) 400 ግሬይን ማለትም 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ እንውሰድ። ሦስቱ ክንፎች በድምሩ 24 ግሬይን ቢሆኑና 1 ኢንች ወደፊት ቢጠጉ፣ የክብደቱ ማዕከል የሚሄደው 0.06 ኢንች ብቻ ነው፤ 1.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። የ100 ግሬይኑን ራስ በ125 መተካት ከዚህ ሰባት እጥፍ ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ሚዛን ለሚፈልግ ሰው ሙጫና ቢላዋ አያስፈልጉትም።

የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ ከክብደቱ ማዕከል እስከ ክንፉ መሃል ያለው ርቀት። ማዕከሉ ከኋላ ጫፍ 13 ኢንች፣ የክንፉ መሃል ደግሞ 2 ኢንች ላይ ቢሆን፣ በመካከላቸው 11 ኢንች አለ። ክንፉ 1 ኢንች ወደፊት ሲሄድ 10 ይሆናል፤ ፍላጻውን የሚያቀናው ጉልበትም 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በተራ ራስ ይህ ብዙም አይታወቅም። ባለምላጭ ራስ ሲገጠም ግን ምላጩ ራሱ ከፊት እንደ ክንፍ ስለሚሠራ ልዩነቱ ዒላማው ላይ ይወጣል።

እንግዲያው ለምን እስከ ጫፍ ወደኋላ አይለጠፍም? የክሮስቦው ችግር እዚህ ላይ ነው። የፍላጻው ኋላ ወደ ቃታው ቤት ገብቶ አውታሩን መንካት አለበት። ክንፉ ከመጠን በላይ ወደኋላ ከሆነ የቤቱን አፍ ይገጭና ፍላጻው ሳይደርስ ይቀራል። በአውታሩና በኖኩ (አውታሩ የሚገፋው የፍላጻው የኋላ ጫፍ) መካከል ክፍተት ካለ መተኮሱ ባዶ ከመተኮስ ብዙም አይለይም፤ የቀስቱ ክንድ ሊሰበር፣ አውታሩ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ የተለጠፈ ፍላጻ መጀመሪያ የሚፈተነው ሳይተኮስ ነው፦ አውታሩ ሳይወጠር፣ ፍላጻውን በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ አስቀምጦ የክንፉ ጫፍ ከቤቱ አፍ የት እንደሚያርፍ ማየት። ኖኩ አምራቹ ካዘዘው ዓይነት ውጭ መሆን የለበትም፤ ጠፍጣፋውና ጨረቃ ቅርጹ አይለዋወጡም።

የተጠጋውን ክንፍ ካልተነካው ጋር ለማወዳደር ከአንድ ፓኬት ስድስት ፍላጻ ይምረጡና ቁጥር ይጻፉባቸው፤ በክብደት በ2 ግሬይን ውስጥ ይቀራረቡ። ሦስቱ እንዳሉ ይቆዩ። የሌሎቹን ክንፍ በደነዘዘ ቢላዋ ይፋቁ፤ ስለት ካርቦኑን ከቆረጠ ዘንጉ ያበቃለታል፣ መጣል ነው። በአልኮል ጠርገው ሲደርቅ በጂግ (ክንፉን በቦታው በሚይዝ መሣሪያ) 1 ኢንች ወደፊት ይለጥፉ። ክንፎቹ በ120 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ አንዱ ወደታች በሐዲዱ ቦይ ውስጥ ይገባል። በእያንዳንዱ ክንፍ ፊት ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ሙጫ ይጨምሩ፣ መጀመሪያ የሚነሳው ያ ጫፍ ነውና። አንድ ሌሊት ይደር።

ዘመም ብሎ የተለጠፈ ክንፍ ፍላጻውን ያሽከረክረዋል፤ ጥቅሙም የዘንጉና የራሱ ጉድለት ወደ አንድ ወገን እንዳይጎትት ማድረጉ ነው። ግን በቦዩ ውስጥ የሚሄደው ክንፍ ስፋቱ በቦዩ ይወሰናል። 1 ወይም 2 ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ ጠምዛዛ ክንፍ ግን የቦዩን ግድግዳ ይፍቃል። ለማረጋገጥ ክንፎቹ ላይ የእግር ፓውደር ስፕሬይ ነፍቶ አንዴ መተኮስ ነው። ፓውደሩ የተላጨበት ቦታ ሐዲዱን የነካው ነው። የላይኞቹ ሁለት ክንፎች ውስጥ ጎናቸው ላይ ከተላጩ ደግሞ ፍላጻውን ከላይ የሚጫነው ስፕሪንግ ነው።

ሲተኩሱ ክሮስቦው በአሸዋ ከረጢት ላይ ይደገፍ፣ ርቀቱ 30 ያርድ (27 ሜትር ገደማ) ይሁን፣ ያረጀውና አዲሱ እየተፈራረቁ ይሂዱ። በተርታ ሦስት አሮጌ፣ ቀጥሎ ሦስት አዲስ መተኮስ የእጅ ድካሙን ለክንፉ ያስቆጥረዋል። አንዱ ፍላጻ ብቻውን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢወጣ ክንፉን ከመንቀል በፊት ፍላጻውን አሽከርክረው የፊት ጫፉ መንቀጥቀጡን ይዩ። ካልተንቀጠቀጠና ኖኩ ጠፍጣፋ ከሆነ ሌላኛውን ክንፍ ወደታች አድርገው ይድገሙት፤ የዘንጉ ጥንካሬ በሁሉም ጎን እኩል ስላልሆነ፣ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ይመልሰዋል።