ዝናብ ትንበያን አይሰማም

ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ዛሬ የምጽፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ዝርዝር ነውና።

ሥራዬ መረጃ መተንተን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የትምህርት ተቋም ትምህርታቸውን ሊያቋርጡ የሚችሉ ተማሪዎችን አስቀድሞ የሚለይ ሞዴል እንድሠራ ጠየቀኝ። ከክፍል መቅረትን፣ ያለፉ ዓመታት ውጤትን፣ ዘግይቶ መመዝገብን፣ የቤት ሥራ አለማስረከብን ሁሉ ሰብስቤ ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። ሞዴሉም ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ከ0 እስከ 1 የሚደርስ ቁጥር አስቀመጠ። ቁጥሩ ወደ 1 በቀረበ መጠን ተማሪው ትምህርቱን የማቋረጡ ዕድል ከፍ ይላል ማለት ነው። ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ደርድሬ ለመምህራን እንዲታደሉ አስረከብኩ።

ዓመቱ ሲያልቅ የሆነውን ከተተነበየው ጋር አመሳከርኩ። በአንደኛው የትምህርት ክፍል ሞዴሉ ድንቅ ነበር፤ ያቋርጣሉ ካላቸው አብዛኞቹ አቋርጠዋል። በሌላኛው ግን ክፉኛ ስቷል፤ ያቋርጣሉ የተባሉት ልጆች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደዚያ ክፍል ሄጄ አንድ አንጋፋ መምህር አነጋገርኩ።

«ወረቀቱ የደረሰን ዕለት ስሞቹን ተከፋፈልናቸው» አሉኝ። «አንደኛውን ልጅ እኔ ራሴ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት። ታዲያ ልጄ፣ ይወድቃሉ ብለህ ነግረኸን ቆመን እንድናይ ኖሯል የፈለግኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ አንደኛው ክፍል ስሄድ ደግሞ የሰማሁት ሌላ ነበር። እዚያ ዝርዝሩ የተነበበው እንደ ፍርድ ነው። ስማቸው ከላይ የሰፈረው ልጆች ሲቀሩ «የት ሄዱ?» ያለ አልነበረም፤ እንደሚሄዱ አስቀድሞ ታውቋላ! በሪፖርቴ ላይ ግን «ከፍተኛ ትክክለኛነት የታየበት» ብዬ ያሞገስኩት ይህንኑ ክፍል ነው። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በቋንቋችን ክፉ ነገር ይመጣል የሚለውን ሰው «አታሟርት» እንለዋለን። ሳይንስ የተማርኩ ነኝና ይህን ቃል ለብዙ ጊዜ ከፍርሃት የመነጨ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ስለ ተፈጥሮ ከሆነ አሁንም ሐሳቤ አልተለወጠም፤ ዝናብ ትንበያን አይሰማም። የጨረቃ ግርዶሽ ሰዓቱ ቢነገርም ባይነገርም ይደርሳል። ሰው ግን ይሰማል። ሰምቶም ይፈራል፣ ይሸጣል፣ ይሸሻል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ታጥቆ ይነሣል። ስለ ሰው የሚነገር ትንበያ ከአፍ በወጣ ቅጽበት ከሚተነብየው ነገር መንስኤዎች አንዱ ይሆናል። ሟርትን የሚፈሩት ሰዎች እኔ ዘግይቼ የደረስኩበትን ነገር ቀድመውኝ ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት ኬ. መርተን በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፤ ራሱን የሚፈጽም ትንቢት። ምሳሌው አንድ ባንክ ነበር። ባንኩ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን ሊከስር ነው የሚል ወሬ ይነዛል። ወሬውን ያመኑ ገንዘባቸውን ለማውጣት ይሰለፋሉ፤ ሰልፉን ያዩት ደግሞ ወሬውን ያምናሉ። የትኛውም ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ ሁሉ በካዝናው አያስቀምጥምና ሁሉም በአንድ ቀን ከመጡበት ይወድቃል። ማታ ላይ ወሬውን የነዛው ሰው «አላልኳችሁም?» ሊል ይችላል። ሐሰት ሆኖ የተነሣ ነገር እውነት ሆኖ ይመሻል።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የልጁ ታሪክ ነው። የመርተን ልጅ ሮበርት ሲ. መርተን የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሆነ። በ1973 የኢኮኖሚክስ ሊቃውንቱ ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ፣ እርሱም በበኩሉ፣ ኦፕሽን የሚባለው ውል ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ የሚያሳይ ቀመር አወጡ። ኦፕሽን አንድን አክሲዮን ወደፊት አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ በቺካጎ የኦፕሽን ገበያ ተከፈተ። በመጀመሪያ የገበያው ዋጋና የቀመሩ ዋጋ አልተገናኙም። በኋላ ግን ብላክ በቀመሩ የተሰሉ ዋጋዎችን በወረቀት እያተመ መሸጥ ጀመረ፤ ነጋዴዎችም ወረቀቱን ይዘው ወደ ገበያው ገቡ። ከቀመሩ በላይ የተወደደውን ሸጡ፣ በታች የረከሰውን ገዙ፤ ዋጋውም ቀስ በቀስ ወደ ቀመሩ ተጠጋ። የኤዲንብራው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ማኬንዚ ይህን ታሪክ ተከታትሎ ያስተዋለው ይህንን ነው፤ ቀመሩ ገበያውን ከሩቅ ሆኖ አልገለጸውም፣ ውስጡ ገብቶ አሠራው።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። ከዚሁ ንድፈ ሐሳብ «የፖርትፎሊዮ ዋስትና» የሚባል ዘዴ ተወለደ፤ ዋጋ ሲወርድ እየሸጡ ኪሳራን መገደብ። አንድ ሰው ቢያደርገው ያዋጣል። ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሲያደርጉት ግን ሽያጩ ራሱ ዋጋውን ይገፋዋል፤ የወረደው ዋጋም ሌላ ሽያጭ ይጠራል። ጥቅምት 19 ቀን 1987 የታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳየው የዳው ጆንስ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ሲወድቅ ይህ ዘዴ ውድቀቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የኦፕሽን ዋጋ ወደ ቀድሞው ቀመር አልተመለሰም፤ ነጋዴዎች ትልቅ ውድቀት ሊመጣ እንደሚችል ተምረው ለእርሱ መጠባበቂያ መክፈል ጀመሩ። ቀመሩ ገበያውን ራሱን እንዲመስል አድርጎት ነበር፤ ከቀመሩ የተወለደው ዘዴ ደግሞ ያንኑ መመሳሰል ለማፍረስ አገዘ። ሾልስና መርተን በ1997 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ብላክ ከሁለት ዓመት በፊት አርፎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ተሸላሚዎች የተሳተፉበት የኢንቨስትመንት ድርጅት ከውድቀት አፋፍ ደርሶ በታላላቅ ባንኮች ገንዘብ ተረፈ። አባትየው ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ስለ ባንኩና ስለ ወሬው የጻፈው አባት ይህን ሲሰማ ምን አስቦ ይሆን? ደጋግሜ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ ነው።

ራሱን የሚፈጽም ትንበያ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አይደለም። በኋላ ኢንቴል የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 በአንድ የኮምፒውተር ቺፕ ላይ የሚሰፍሩ ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ በእጥፍ እንደሚያድግ ተናገረ፤ በ1975 ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ብሎ አረመው። አምራቾቹ ይህን እንደ ዕቅድ ያዙት። ተፎካካሪዬ በተባለው ጊዜ ይደርስበታል ብሎ የፈራ ሁሉ ገንዘቡንና መሐንዲሶቹን በዚያው ፍጥነት አሰለፈ። ትንበያው የሠራተኛው የጊዜ ሰሌዳ ሆነ።

ልቤ የሚያደላው ግን ለሌላው ዓይነት ነው፤ ስለተነገረ ሳይፈጸም ለቀረው። ነቢዩ ዮናስ ነነዌ ትጠፋለች ብሎ አወጀ፤ ሕዝቡ ሰምቶ ተመለሰ፤ ከተማይቱም ዳነች። ዮናስም ተቆጣ። እኔም በዚያ በሁለተኛው ክፍል ውጤት ቅር ተሰኝቼ ሪፖርቴን ስጽፍ ዮናስን ሆኜ ነበር።

የኬሚስትሪ ሊቃውንቱ ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ በ1974 በማቀዝቀዣና በሚረጩ ቆርቆሮዎች ውስጥ ያለው ክሎሮፍሎሮካርቦን የተባለ ኬሚካል ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ አስጠነቀቁ። አምራቾች አጥብቀው ተከራከሯቸው። በ1985 በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ በእጅጉ መሳሳቱ ተገለጸ፤ በ1987 እነዚህን ኬሚካሎች የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኬሚካሎቹ ቀስ በቀስ ከምርት ወጡ፤ ሽፋኑም እያገገመ ነው። ታዲያ ዛሬ «ስለ ኦዞን ያን ያህል ጮኸው የታል ጥፋቱ?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እቆጣለሁ። ጥፋቱ የቀረው ስለተጮኸ ነው! በ2020 መጋቢት ወርም በለንደን ያሉ ተመራማሪዎች ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በብሪታንያ 510,000 ያህል ሰው በኮቪድ ሊሞት እንደሚችል አስልተው ነበር። እርምጃው ተወሰደ። በኋላ ቁጥሩን ብቻ እያነሡ ሞዴሉን ውሸታም ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ «ምንም ካልተደረገ» የሚለውን ሐረግ ግን አላነሡም።

ወደ ራሴ ዝርዝር ልመለስ። ከመምህሩ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ሌላ አደጋ ታየኝ። ሞዴሉን በየዓመቱ በአዲስ መረጃ አስተምረዋለሁ። አዲሱ መረጃ ግን ዝርዝሩ የነካው ነው። በመምህራኑ ድካም የተረፉት ልጆች በሠንጠረዡ ላይ የሚታዩት «ብዙ ቀርቶ ያላቋረጠ» ሆነው ነው። ሞዴሉም ከዚህ ተነሥቶ ብዙ መቅረት አያሰጋም ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ እነርሱ ያለ ልጅ ስሙ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ይወርዳል፤ ቤቱ ድረስ የሚሄድለትም አይኖርም። በችላ ባዩ ክፍል በኩል ደግሞ የመምህራኑ ግዴለሽነት የልጆቹ ባሕርይ መስሎ ይመዘገባል። ሞዴሉ የራሱን ጥላ እያየ ይማራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለውጫለሁ። «ያቋርጣል» የሚለውን ርእስ ሰርዤ «ማንም ካልደረሰለት» ብዬ ጻፍኩ። በሠንጠረዡ ላይም አንድ አምድ ጨመርኩ፤ ማን አነጋገረው፣ መቼ፣ ምን ተደረገለት የሚል። አምዱን የሚሞሉት መምህራኑ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ስመለከተው የአንደኛው ክፍል ረድፎች አሁንም በአብዛኛው ባዶ ነበሩ። ባዶዎቹን ስሞች በወረቀት ገልብጫቸዋለሁ፤ ነገ ይዣቸው እሄዳለሁ።